የአያ ሽባባው ጣት እና እንቢተኛው ታብሌት

— ላውራ ወይስ ልተው?
— አውራ እንጂ፣ ማን ሊተው!
— ውሸት ቢገባበትስ?
— እንደ ጨው ጣል ጣል አድርግበት!

እሺ እንግዲህ። ጨው የበዛ ከመሰላችሁ ውሃ ጠጡበት።

ዋርካ በር በምትባል መንደር አያ ሽባባው የሚባል ገበሬ ነበር። እጁ ከእርፍ ጋር አብሮ ያረጀ ነው። ጣቱ ከመደደሩ የተነሣ እሾህ ሲወጋው «ዋይ!» የሚለው እሾሁ ነው። ፍም ከምድጃ በእጁ አንሥቶ ለጎረቤት ያቀብላል፣ ጎረቤቱ ደግሞ በመቆንጠጫ ይቀበለዋል። አንዲት ጊንጥ ጣቱን ልትነድፍ ሞክራ ጅራቷ ተቆልምሞ ቀርቷል።

አያ ሽባባው ስመኝ የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። ስመኝ ሐዋሳ ፋብሪካ ገብታ፣ እዚያው ከአንድ ሜካኒክ ጋር ተዋድዳ፣ ሽማግሌ ሳይላክ፣ አባት ሳይጠየቅ ተጋባች። ያን ጊዜ አያ ሽባባው «ሁለተኛ ዓይኗን አያሳየኝ!» ብሎ ማለ። ስመኝ በመጣ በሄደው ሰው ይቅርታ ብትልክም መሐላው ሁለት ክረምት ዘነበበት። ልቡ እንኳ ገና በመጀመሪያው ዝናብ ሟሙቶ አልቋል፤ አፉ ነበር አልሰማ ያለው።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጨው ነጋዴው አዱኛ ከሐዋሳ ሲመለስ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ።

«አያ ሽባባው፣ ስመኝ የላከችልህ ነው። ታብሌት ይባላል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ትደውልልሃለች። ሲጮህ ፊቷ ይመጣል፣ ከሥሯ አረንጓዴ ምልክት አለች። እሷን በጣትህ ሸርተት ስታደርጋት ዓይን ለዓይን ትተያያላችሁ።»

«ሌላስ? ሌላ ምን አለች?»

«‹አባዬ ካነሣው ምሮኛል። ጀንበር እስክትጠልቅ ካላነሣው አልማረኝም ማለት ነው፤ ዳግመኛ አላስቸግረውም› ብላለች።»

አዱኛ ይህን ብሎ ገበያ እንዳይረፍድበት በቅሎውን ኮርኩሮ ሄደ።

አያ ሽባባው ፎጣውን ገለጠ። ጥቁር መስታወት አገኘ። መስታወቱ ውስጥ አንድ ሽበታም ሰውዬ አፍጥጦ ሲያየው «እንደምን አደሩ!» ብሎ እጅ ሊነሣ አጎነበሰ፤ ሰውዬውም አጎነበሰ። ያኔ ራሱን አወቀው። ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ሳያስበው ሲጫናት፣ ቦግ! ባሕር ከነማዕበሉ ፊቱ ላይ በራ። «ኧረ በሕግ!» ብሎ ከመደቡ ወደ ኋላ ዘለለ፤ ልብሱ እንዳይረጥብ ሰበሰበ። ታብሌቱን በጎኑ ሲያጋድመው ባሕሩ ተነሥቶ ቀጥ ይላል። ገልብጦ ሲይዘውም ባሕሩ ተነሥቶ ቀጥ ይላል። «አቤት ኩራት! ቢደፉት የማይደፋ!» አለ፤ ደስታው አላስቀምጥ ብሎት ሦስት ዙር ቤቱን ዞረው።

እንግዳ ነውና ታብሌቱን «እርስዎ» ይለው ጀመር። ጋቢ አንጥፎ አስቀመጠው፣ እንዳይበርደው ግማሹን አለበሰው። ምሳ ሲበላ «ይጉረሱ እንጂ፣ ምነው አፈሩ?» አለው። ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛምቶ መንደሩ ጓሮውን ሞላ። ሁሉ አንገቱን እያሰገገ ሲያይ የአያ ሽባባው ድመት በሰው እግር ሥር ሾልካ መጣችና ታብሌቱን ረግጣው አለፈች። ታብሌቱ ወዲያው ተከፍቶ ዘፈን ለቀቀ! ሰው ሁሉ እስክስታ ወረደ።

«ድመት ያናገሩ ጌታ እኔንማ እንዴት አያናግሩኝ!» አለ አያ ሽባባው ደረቱን ነፍቶ።

ጀንበር አናት ለቅቃ ማዘንበል ስትጀምር ታብሌቱ ጮኸ። ጩኸቱን ሰምተው በሬዎች ማመንዠክ አቆሙ፤ ከወንዝ ማዶ የተኛ ጅብ መሽቶ መስሎት ተነሥቶ ወጣ። የስመኝ ፊት ከነሳቂታ ጥርሷ መስታወቱ ላይ ወጣ። አያ ሽባባው ተስገብግቦ ቀረበ። ጣቱን ዘረጋ፤ አረንጓዴዋን ሸርተት አደረጋት። ምንም! ደገመ። ምንም! አውራ ጣቱን፣ ሌባ ጣቱን፣ አሥሩንም አዳረሰ። ታብሌቱ ድንጋይ የነካው ያህል እንኳ አልቆጠረውም። ጩኸቱ ቆመ፣ ስመኝ ጠፋች።

ጎረቤቱ እትዬ ጠጅቱ «እስቲ ዞር በል» አለችና በጣቷ ነካ አደረገችው። ተከፈተ!

«ይኸውልህ! ሲጮህ እኔ አነሣልሃለሁ።»

«አይሆንም!»

«ምነው? ጣቴ ይሸታል?»

«ጠጅቱ፣ እርቅ በሰው ጣት ሲሆን የት አይተሻል? ምሕረት ከገዛ እጄ ካልወጣ ምሕረት አይደለም። ‹አባቴ ማረኝ› ትበል እንጂ ‹ጠጅቱ ማረችኝ› ትበል?»

ከአጥሩ ላይ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ «በአፍንጫህ ንካው አያ! አፍንጫህ አላረሰም፣ ለስላሳ ነው!» አለ።

«አንተ ቀልማዳ! ልጄን በአፍንጫዬ ልማራት?»

እትዬ ጠጅቱ ጣቱን ይዛ እያገላበጠች አየችው። «ይሄ ጣት ነው የወይራ ጉማጅ? ታብሌት ቆዳ እንጂ ቅርፊት አይሰማም። ይሄ ቅቤ ይፈልጋል።»

አያ ሽባባው ጣቱን ተቆጣው። «ጣቴ ሆይ፣ ለስልስና ታብሌቱን አናግርልኝ!»

«ሃምሳ ዓመት ሳርስልህ አንድ ቀን ቅቤ ያላስነካኸኝ፣ ዛሬ ለስልስ ትለኛለህ? አልለሰልስም!» አለ ጣቱ።

ጣቱ ታብሌት አላናግርም አለ፣
ታብሌቱ ስመኝን አላሳይም አለ።

አያ ሽባባው ታብሌቱን በጋቢው ሸፍኖ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ፣ እትዬ ጠጅቱ ቤት ገባ። መንደሩም ተከተለው። «ቅቤ ሆይ፣ ጣቴን አለስልስልኝ!»

ቅቤው ከቅል ሆድ ውስጥ በታፈነ ድምፅ «ማን ነው የሚጠራኝ? እኔ ገና አልተወለድኩም! እርጎ ነኝ! ቅሉ ይውለደኝና እንነጋገራለን» አለ።

ቅቤው ጣት አላለሰልስም አለ፣
ጣቱ ታብሌት አላናግርም አለ፣
ታብሌቱ ስመኝን አላሳይም አለ።

«ቅል ሆይ፣ ቅቤውን ውለድልኝ!»

መግፊያ ቅሉ ጥግ ላይ በጎኑ ተጋድሞ ያንጎላጃል። «ገመዴ ተበጥሷል። ሳልንጠለጠል አልናጥም፣ ሳልናጥ አልወልድም» አለና ዞሮ ተኛ።

«በእጅሽ አንሥተሽ ናጪው ጠጅቱ!»

«እኔ? ይሄ ቅል እኮ ጥጃ ያህላል! ካነሣሁትማ እኔም አብሬው እርጎ እሆናለሁ።»

እነሱ ሲከራከሩ ታብሌቱ ከጋቢው ሥር ጮኸ። ስመኝ! አያ ሽባባው ጣቱን በምላሱ አርሶ ሸርተት አደረገ። ምንም። ጩኸቱ ቆመ። እንግዲህ እንዲህ ሆነ፦

ቅሉ ቅቤ አልወልድም አለ፣
ቅቤው ጣት አላለሰልስም አለ፣
ጣቱ ታብሌት አላናግርም አለ፣
ታብሌቱ ስመኝን አላሳይም አለ።

አያ ሽባባው ወደ ገመድ ሠሪው ወደ ባሻ አምባዬ ሮጠ። ሩጫው ለጉድ ነበር፤ ጥላው ደክሞት ግማሽ መንገድ ላይ ቁጭ አለ።

«ባሻ! ገመድ! ቶሎ በል፣ ቅሉን ላንጠልጥልበት!»

ባሻ አምባዬ ግን ዓይኑ ከጋቢው ሥር ከሚበራው ነገር ላይ ነበር። «እሱ ነው ያ ታብሌት? እስቲ አሳየኝ። በስመ አብ! ይሄማ ጨረቃን ጠፍጥፈው የሠሩት ነው!»

«ባሻ፣ ጀንበሯ!»

«ገመድ የለኝም ወንድሜ፣ ያለው ቃጫ ነው። ጠይቀው።»

ቃጫው በንጭንጭ መለሰ፦ «ደርቄ ልሰበር ደርሻለሁ፤ ልግመድህ ትለኛለህ? በውሃ ካልራስኩ ገመድ አልሆንም!»

ቃጫው ገመድ አልሆንም አለ፣
ገመዱ ቅል አላንጠለጥልም አለ፣
ቅሉ ቅቤ አልወልድም አለ፣
ቅቤው ጣት አላለሰልስም አለ፣
ጣቱ ታብሌት አላናግርም አለ፣
ታብሌቱ ስመኝን አላሳይም አለ።

በመንደሩ እንስራ ውስጥ ውሃ ይኖር ይሆን? የለም! ሰው ሁሉ ታብሌት ሊያይ ሲጋፋ ውሎ ውሃ የቀዳ አልነበረም። አያ ሽባባው ጀሪካን አንጠልጥሎ ቁልቁለቱን ወደ ምንጩ ወረደ።

«ውሃ ሆይ፣ ቃጫውን አርስልኝ!»

ውሃው እየተንቦለቦለ ሳቀ። «ደስ ባለኝ! ግን ዳገት የምወጣበት እግር አለኝ? አንተስ ብትሸከመኝ ከወገብህ ጋር እያጉረመረምክ ስትወጣ ጀንበሯ ቀድማህ ትተኛለች። አህያ ካልተሸከመችኝ ቃጫ አላርስም።»

ይሄኔ ታብሌቱ እንደገና ጮኸ። ስመኝ በዚህኛው አትስቅም፤ ከንፈሯን ነክሳለች። አያ ሽባባው ጣቱን ቋጥኝ ላይ አሻሽቶ ሞከረ፣ በጉልበቱ ሞከረ፣ ክርኑንም ሞከረ። «ልጄ፣ አለሁ! እዚህ ነኝ እኮ! አትዝጊ!» ብሎ መስታወቱ ላይ ጮኸ። መስታወቱ ጨለመ።

ውሃው ቃጫ አላርስም አለ፣
ቃጫው ገመድ አልሆንም አለ፣
ገመዱ ቅል አላንጠለጥልም አለ፣
ቅሉ ቅቤ አልወልድም አለ፣
ቅቤው ጣት አላለሰልስም አለ፣
ጣቱ ታብሌት አላናግርም አለ፣
ታብሌቱ ስመኝን አላሳይም አለ።

የአያ ሽባባው አህያ ከዋርካው ሥር ቆማ ጆሮዋን ታወዛውዛለች። ጀንበሯ ከተራራው ጫፍ ላይ አገጯን አስደግፋለች። አያ ሽባባው እያለከለከ መጣ፤ መንደሩ ከኋላው ተግተልትሏል።

«ነይ ቶሎ! ውሃ ተሸክመሽ ነይ!»

አህያዋ ዓይኗን አጥብባ አየችው። «አልሸከምም።»

«ምን ጎደለብሽ? ገብስ ነው? ገለባ ነው?»

«ሆዴ ሞልቷል። የጎደለብኝ ክብር ነው። ሰውና ሰው ሲጣላ የሚሰደበው ማነው? እኔ! ወንድም ወንድሙን ሲንቅ ‹አንተ አህያ› ይለዋል። ውሃችሁን፣ እንጨታችሁን፣ እህላችሁን የተሸከምኩት እኔ፣ ስድባችሁንም የምሸከም እኔ! እስከ ዛሬ አንድ ሰው ይቅርታ ብሎኝ አያውቅም። ስለ ሰው ልጅ ሁሉ አንድ ሽማግሌ በወጉ፣ ድንጋይ አንገቱ ላይ ጭኖ ይለምነኝና እሸከማለሁ።»

አህያዋ ውሃ አልሸከምም አለች፣
ውሃው ቃጫ አላርስም አለ፣
ቃጫው ገመድ አልሆንም አለ፣
ገመዱ ቅል አላንጠለጥልም አለ፣
ቅሉ ቅቤ አልወልድም አለ፣
ቅቤው ጣት አላለሰልስም አለ፣
ጣቱ ታብሌት አላናግርም አለ፣
ታብሌቱ ስመኝን አላሳይም አለ!

መንደሩ በሳቅ ወደቀ። «አያ ሽባባው ለአህያ ሊንበረከክ ነው!» አለ ያ የአጥር ላይ ጎረምሳ ሆዱን ይዞ። አያ ሽባባው ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። እድሜውን ሙሉ ለዳኛ ጎንበስ ብሎ አያውቅም፤ ለዝናብ እንኳ ጎንበስ የሚለው እየተቆጣ ነው። ወደ ሰዉ አየ። ወደ ጀንበሯ አየ። ጋቢው ሥር ወደ ጨለመው መስታወት አየ። ከዚያ ታብሌቱን ለእትዬ ጠጅቱ አስታቀፈ፤ ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ መረጠ። ትንሿን አላነሣም፣ ትልቁን አንሥቶ አንገቱ ላይ ጫነና አፈር ላይ ተንበረከከ።

«እሜቴ አህያ...» አለ።

ሰዉ እንደገና ሳቀ። አያ ሽባባው አልሳቀም።

«እሜቴ፣ በድለንሻል። በስምሽ ተሳድበናል። ጠዋት ጭነን ማታ ደብድበናል። እኔም ራሴ...»  ድንጋዩ አይደለም የከበደው፤ አፉ ውስጥ ያለችው ቃል ናት። ‹ይቅር በለኝ› ብሎ አፈር ላይ ተደፍቶ፣ የሌላውን ፊት ሽቅብ እያዩ፣ ‹እሺ ይለኝ ይሆን ወይስ እንቢ?› እያሉ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ጊዜ ገባው። ሁለት ክረምት ሙሉ እዚህ አፈር ላይ የነበረችው ስመኝ ናት። እንባው ዱብ አለ። «ይቅር በይኝ» አለ። «በልጄ ሞት፣ ይቅር በይኝ።»

ሳቁ ቆመ። እትዬ ጠጅቱ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። ወጉ እንደሚለው ድንጋዩን ከአንገት የሚያወርደው የተበደለው ነው። አህያዋ ቀረብ አለች፤ በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ ድንጋዩን ጣለችለት።

«ተነሥ አያ ሽባባው። ይቅር ብያለሁ። ጀሪካኑ የታለ?»

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ሰንሰለቱ ተተረተረ!

አህያዋ ውሃውን ተሸከመች፤ ዳገቱን ስትወጣ ኮቴዋ መሬት አልነካም።
ውሃው ቃጫውን አራሰ፣
ቃጫው ገመድ ሆነ፤ ባሻ አምባዬ ሲገምደው እጁ አይታይም ነበር።
ገመዱ ቅሉን አንጠለጠለ፣
ቅሉ ቅቤውን ወለደ፤ እትዬ ጠጅቱ ስትገፋው መንደሩ አብሮ ይገፋል፣ «ወጣ! ወጣ!»
ቅቤው ጣቱን አለሰለሰ፤ ጣቱ «እሰይ! እሰይ!» እያለ ጠጣ፣ ጠጣ፣ እንደ ሙሽራ አበራ።

ጀንበሯ ተራራው ላይ የቀራት ቅንድቧ ብቻ ነበር። ታብሌቱ ጮኸ። ስመኝ መጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ፣ ወፎች እንኳ ክንፋቸውን አየር ላይ አቆሙ። አያ ሽባባው ያን ጣት ዘረጋና አረንጓዴዋን ሸርተት አደረጋት።

ጣቱ ታብሌቱን አናገረ፣
ታብሌቱም ስመኝን አሳየ!

«አባዬ!»

«ልጄ! ስመኝ! አለሁልሽ! አየሽኝ?»

«አፍንጫህን ነው የማየው! ራቅ አድርገው!»

አራቀው። «አሁንስ?»

«አሁን ጣራው ነው... አሁን ጆሮህ ነው... ይኸው! ይኸው አባዬ! ሸብተሃል...» አለችና ማልቀስ ጀመረች። «አባዬ፣ አጥፍቻለሁ፣ እግርህ ላይ ወድቄ...»

«ዝም በይ!» አለ አያ ሽባባው። መንደሩ ደነገጠ። «አንዲት ቃል እንዳትለምኚኝ! ልመና እንዴት እንደሚከብድ ዛሬ በአንገቴ ተሸክሜ አይቼዋለሁ። ለሁለት ክረምት ለምነሽ አላነሣሁሽም፤ እኔ ነኝ የዘገየሁት። ምሬሻለሁ፣ አንቺም ማሪኝ።»

 ስመኝ ልቅሶና ሳቅ አንድ ላይ ሆነባት።

«ያ ባልሽስ የታለ?»

«ከበር ኋላ ቆሟል። ፈርቶህ ነው።»

«ጥሪው እንጂ! አልበላውም!»

ሜካኒኩ መጣ። እጅ ሊነሣ በጣም ከማጎንበሱ የተነሣ የሚታየው አናቱ ብቻ ነው።

«ቀና በል አንተ ልጅ! ልጄን የዳርኩት ለአናትህ ነው እንዴ? በል ሽማግሌ ላክ፤ ቢዘገይም ወግ ነው። እነሱን አስቀድመህ ለዳግማይ ትንሣኤ ሁለታችሁም እዚህ ደጄ ላይ እንዳገኛችሁ!»

«እሺ አባባ! እንመጣለን!» አለ ሜካኒኩ።

መንደሩ እልልታውን አቀለጠው። አያ ሽባባው ደስታው ከአቅሙ በላይ ሆነና ታብሌቱን በሁለት እጁ ይዞ ልጁን ጉንጯን ጥብቅ አድርጎ ሳማት። ከንፈሩ ጥሪ መዝጊያዋ ቀይ ምልክት ላይ አረፈ። ድርግም! ስመኝ ጠፋች።

«አጠፋሃት!» ብሎ መንደሩ ጮኸ። «ኧረ አጠፋሃት አያ!»

አያ ሽባባው ግን አልደነገጠም፤ ጋቢውን አስተካክሎ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ታብሌቱ ወዲያው ጮኸ፣ የስመኝ ፊት እየሳቀ ወጣ። አያ ሽባባው ወደ መንደሩ ዞር ብሎ ፈገግ አለና፣ ጣቱን ከፍ አድርጎ አሳያቸው፣ ሸርተት!

«አቤት ልጄ» አለ።

እኔም ጨረስኩ። ያመናችሁ መርቁኝ፤ ያላመናችሁ ከዚህ የባሰ ዋሹና አሸንፉኝ።